ናስ የሆነው ጉትቻ

በዓረብ አገር፣ አባሲያ በሚባል ሰፈር ባለችው ክፍሌ የአሲዱን ጠርሙስ ስከፍት ሽታው ደሴ ይወስደኛል። ወርቅ መለየት ማንም አላስተማረኝም። በራሴ ያወቅሁት ነው፤ በዚህ ሰፈር የሚስተካከለኝ የለም።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ታሞ ተኝቷል። እናቴ ለማሳከሚያው የሰርጓን ጉትቻ ልትሸጥ አንጥረኛው ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ሰውዬው ጉትቻውን ጥቁር ድንጋይ ላይ አሸት አድርጎ አሲድ ጠብ አደረገበት። ቢጫው መስመር ጠፋ፤ ሽታው አፍንጫዬን ለበለበኝ።

«እቴ፣ ይሄ ናስ ነው። ማን ሰጠሽ?»

«ባሌ፣ ለሰርጋችን።»

«እሱንም አታለውት ይሆናል።»

እናቴ ጉትቻውን መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። «አባትህ ከጠየቀህ ሱቁ ዝግ ነበር በለው» አለችኝ። ለምን እንደምዋሽ ያኔ አልገባኝም። በሦስተኛው ሳምንት አባቴን ቀበርነው፤ መታለሉን ሳያውቅ ሞተ።

ዛሬ የመጣችው የወሎ ልጅ እዚሁ ከተማ ባያን የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። በሁለት ዓመት ደሞዟ ሦስት አምባር ገዝታለች። ሻጯ አገር ቤት ገብታለች።

«ማህተም የለውም። ፋቱራስ ሰጠችሽ?»

«ጋሼ፣ ወላሂ ብላ ምላልኛለች። የአገሬን ልጅ እንዴት ደረሰኝ እጠይቃለሁ?»

ሦስቱንም አሸሁ። የሦስቱም መስመር ጠፋ።

«ነገ ነው በረራዬ። እናቴ በዚህ ተማምና ቤት ተዋውላለች» አለችና ድንጋዩን አየችው። «ጋሼ፣ አሲዱ አርጅቶ ይሆን?»

«አላረጀም፣ ልጄ» አልኳት።