ያልቀየርኩት ዓመተ ምሕረት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴም አልሰሙም፤ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። በአማርኛ አንድ ገጽ ሙሉ መጻፍ ከቻልኩ ገና አንድ ወር ቢሆነኝ ነው፣ ደስታዬ ልክ የለውም። ግን ብዕር ሳነሳ ቀድሞ የመጣው የራሴ ጉድ ሆነ። ይህ ነው የሚያናድደኝ።

አያቴ ሲሞቱ አዲስ አበባ ያለው ቤትና ቦታቸው ለአባዬና ለእህቱ ለአክስቴ ብርቄ ደረሰ። ከዓመታት በኋላ ሸጡት። አባዬ የሚኖረው እዚህ ለንደን፣ ቶተንሃም ስለሆነ በድርሻው ትርፍ ላይ እዚህ ካፒታል ጌይን ታክስ መክፈል ነበረበት። ትርፉ የሚሰላው ደግሞ አያቴ በሞቱበት ዓመት ቦታው ከነበረው ዋጋ ተነስቶ ነው። አካውንታንቱ የዚያን ዓመት ዋጋ የሚያሳይ ወረቀት ጠየቀን። አክስቴ እዚያ አዲስ አበባ የቤትና የቦታ ዋጋ ገማች ፈለገች። የየትኛውን ዓመት ዋጋ እንደምንፈልግ ለገማቹ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

«ጠበቃዬ፣ ቼክ አድርገሻል?» አለኝ አባዬ፤ የእንግሊዝኛ ወረቀቱን ሁሉ የምጽፍለት እኔ ስለሆንኩ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

«ሁለቴ አድርጌያለሁ፣ አንተ ደግሞ» አልኩት።

አላደረግኩም። የሞት ወረቀቱ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ገለበጥኩት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር። ገማቹ ደብዳቤው እንግሊዝኛ ስለሆነ የፈረንጅ ዓመት መሰለውና ከአያቴ ሞት ሰባት ዓመት በፊት የነበረውን ዋጋ ላከ። ያኔ ቦታው ርካሽ ነበር። ትርፉ በወረቀት ላይ አበጠ፤ አባዬ ለቤት መግዣ ዲፖዚት ያሰበው ገንዘብ ለታክስ ሄደ።

አባዬ አክስቴ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። «እንዲህ ያለ ገማች ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ቀናሽብኝ» አላት። «ወንድሜ፣ እኔ ምን አውቄ» እያለች ዘጋባት። ይኸው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

እኔ መቼ አወቅኩ? በዚያው ሳምንት። ደብዳቤዬን ከፍቼ አየሁት። ታክሱን ለማስተካከል ጊዜ ነበረን። ዝም አልኩ፣ ጊዜው አለፈ። ለምን? ጠበቃዬ መባሉ እንዳይቀርብኝ። ለዚህች ብዬ አክስቴን አስረገምኳት? ለፋሲካ አባዬ ዘመድ ሁሉ ጋ እየደወለ የእሷን ቁጥር ሲዘል አጠገቡ ተቀምጬ ዳቦዬን እበላ ነበር። የዘለልኳት እኔ ነኝ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ዓመቱን ስገለብጥ ልጅ ነበርኩ፤ ዝም ስል ግን በደንብ አውቄ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይህን ወረቀት ለአባዬ አነብለታለሁ። ከዚያ የአክስቴን ቁጥር ራሴ እደውላለሁ። ይቅር በዪኝ ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ እስኪበቃት ትስደበኝ።