የብርቱካን ትከሻና የኔ አመድ

ብርቱካን ከቤቴል ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን ቆሻሻ ከየቤቱ የምትሰበስብ ሴት ናት። ከቦንጋ የመጣችው ከባሏ ጋር ነበር፤ እሱ ሲሞት ሁለት ሴት ልጆቿን በዚሁ ሥራ አሳደገች። ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካ ነፍታ ትጠራናለች፤ ማዳበሪያችንን ተሸክማ ጋሪው ላይ ትጭናለች።

አንድ ቀን ቆሻሻው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኋት።

«ረጲ፣ መብራት ማመንጫው ጋ ነዋ እማማ ወርቅዬ! ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገለበጣል፤ ክሬን እየዘገነ እቶን ውስጥ ይጨምረዋል። በእሳቱ ውኃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሞተር ያሽከረክራል፣ መብራት ይሆናል። የሽንኩርት ልጣጭዎ አምፖል ያበራልዎታል» ብላ ሳቀች። «ብቻ አመድ እንዳይሰጡኝ። አንዴ የነደደ ነገር ምን ይነድዳል? እኔንም ያጎብጠኛል።»

የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ማኅበርም «አመድና አፈር አንቀበልም» የሚል ወረቀት በየበሩ ለጥፏል። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ያን ወረቀት ግን ጣቴን እያስኬድኩ ራሴ አንብቤዋለሁ። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ሐምሌ ላይ መብራት ጠፋና ለልጅ ልጄ ለሄቨን በከሰል አጥሚት ሠራሁላት። ወዲያው ፊሽካው ተሰማ። አመዱን የት ልድፋው? ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ደጅ ብደፋ ደንብ አስከባሪ ይቀጣኛል። በፌስታል ቋጥሬ ከድንች ልጣጩ ሥር ደበቅሁት። የበረደ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ነክቼ አላየሁትም።

ብርቱካን የኔንና የጎረቤቴን የሰልዋን ማዳበሪያ ደርባ ተሸከመች። ጋሪው ጋ ሳትደርስ ጮኸች። ፌስታሉ ቀልጦ፣ ፍሙ ማዳበሪያውን አልፎ ትከሻዋን አቃጥሏታል። ሁለቱም ማዳበሪያዎች ጭቃው ላይ ተዘረገፉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ አልለይ አለ።

«ያቺ ሰልዋ ናት!» አለች እያለቀሰች። «ባለፈውም አፈር ሰጥታኛለች! ልብ የላትም!»

ሰልዋ ወላሂ ብላ ማለች። ማንም አላመናትም። እኔ ቅባት ይዤ ወጥቼ የብርቱካንን ትከሻ እቀባ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አለችኝ። መቀባቴን ቀጠልኩ።

ሁለት ሳምንት የሰልዋ ቆሻሻ ሳይነሳ በሯ ላይ ተከምሮ ሸተተ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጋሪው ጋ ሄጄ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ አመዱ የኔ እንደነበር ለብርቱካን ነገርኳት።

«የኔንስ ይተዉት፤ ትከሻዬ ይድናል። እሷን ግን በሰው ፊት ነው የሰደብኳት» አለችና ክንዴን ይዛ ሰልዋ በር ወሰደችኝ። ጎረቤት እየሰማ ተናገርኩ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ?» አለች ሰልዋ። «በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ እያሉኝ?»

ብርቱካን «ይቅር በይኝ» አለቻትና ባልተቃጠለው ትከሻዋ የሰልዋን ማዳበሪያዎች ማንሳት ጀመረች። እኔም የአንዱን ጫፍ ያዝኩ። ሰልዋ ከእጄ ነጠቀችው።