የፕሮቲኑ ጭራና የአድማሴ ደቦ

መምህርት ሸዋረግ ስትቆጣ የመካነ ሰላም ውሻ እንኳ መንገድ ይለቃል ይባላል። ውሻውን የጠየቀ የለም፤ ተማሪዎቿ ግን ይመሰክራሉ።

የዚያን ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ አድማሴ ክፍሏ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። አብሯት ፊደል የቆጠረ የአንድ ደብር ልጅ ነው፤ ወንበር ካገኘ ወዲህ ግን አንገቱ አልዞር ብሎታል። እሷ ሰሌዳው ላይ ፕሮቲን ሣለች፤ ተጠርቦ ያለቀ አካል፣ ከጎኑ ደግሞ ቅርጽ የሌለው የተንዘላዘለ ጭራ።

«ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲ ኤን ኤውን ማባዛት አለበት» አለች። «ሥራውን የሚያስጀምሩት ፕሮቲኖች ናቸው። በእንስሳት ሴል ውስጥ እነሱን ዲ ኤን ኤው ላይ የሚያሰባስባቸው ይኼ ቅጥ የለሽ ጭራ ነው። ተመራማሪዎች ከዝንብ ፕሮቲን ላይ ቆርጠው ቢያዩት፣ ፕሮቲኑ ዲ ኤን ኤው ላይ መቀመጥ አቃተው።»

አድማሴ ብድግ አለ። «መጽሐፉ ፕሮቲን በቅርጹ ነው የሚሠራው ይላል። ይኼን ጭራ አጥፊው!»

«አላጠፋም።»

«ቅርጽ የሌለው ነገር ሥራ የለውም! ሰኞ ‹ተሳስቻለሁ› ብለሽ ካልፈረምሽ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን አታስተምሪም።»

ያውም ተማሪ ፊት! ልጆቹን ከዘጠነኛ ጀምራ ያመጣቻቸው እሷ ናት። ደሟ ፈላ፤ ጠመኔው እጇ ውስጥ ዱቄት ሆነ።

ቅዳሜ የአድማሴ ገብስ አጨዳ ነበር። ቂም ሌላ፣ ደቦ ሌላ፤ የእናቷን ማሳ አጭዶላት ነበርና ማጭዷን ይዛ ሄደች። ሃያ ሰው ማሳው ዳር ቆሟል፤ የሚያጭድ ግን የለም። ገሚሱ ማጭድ ይስላል፣ ገሚሱ ሰው ያማል። ደመናው በወረኢሉ በኩል ጠቁሯል።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» ጮኸ አድማሴ።

«አውራጁ ሞላ የታለ?» አሉ ሽማግሌው ጋሽ ቢተው። ሞላ የደቦ ዘፈን አውራጅ ነው፤ ማጭድ አይነካም፣ ከጠላው ግን አይቀርም።

«አልጠራሁትም። እጁን አጣጥፎ የሚበላ ሰው ምን ያደርግልኛል?»

«እንግዲያው ለደመናው አንተው አውርድለት!»

አድማሴ ጉሮሮውን ጠርጎ ሞከረው። ሜዳው ላይ ያሉት በሬዎች ቀና ብለው አዩት። ሰው አልተንቀሳቀሰም። ዞር ብሎ ሸዋረግን ቢያያት፣ ዓይኗ እሳት ነው። ወደ ሞላ ቤት እየሮጠ ሄደ።

ሞላ ተኮሳትሮ መጣ፤ አወረደ። ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ ሃያው ማጭድ በአንድ መስመር ገጠመ። ዝናቡ ሲጥል ገብሱ ተከምሮ ነበር።

አድማሴ ወደ ሸዋረግ ተጠጋ። «ያ ነገር ይቅር። ሰኞ አትፈርሚም።»

«ይቅር? ማጭድ የማይነካው ሞላ እንደዚያ ጭራ ነው፤ ለገብስህ ሲሆን የገባህ ነገር ለልጆቹ ሲሆን አልገባህም? ስድሳ ልጅ ፊት አጥፊው ብለኸኛል፤ ስድሳ ልጅ ፊት ራስህ ትሥለዋለህ!»

ሰኞ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ሣለ።

«ጭራውን ረዘም አድርገው» አለችው። አሁንም አልሳቀችም።