ለዙፋን አርባ አንደኛ፣ ለክፍል ሠላሳኛ

ግሌንዳ ታፕሊን ዝም ስትል ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ እንግሊዝ አገር ባለችው በሚርፎርድ ከተማ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ እሷ ከመተላለፊያው ማዶ ባለው አዳራሽ ለልጆቹ ምሳ ታድላለች። ድምፅዋ ሦስት ግድግዳ አልፎ ቢሮዬ ድረስ ይገባል። ልጁንም፣ አስተማሪውንም፣ ሊጎበኝ የመጣውንም ሹም የምትጠራው "የኔ ቆንጆ" እያለች ነው፤ አተሩን ያልጨረሰ ልጅ ብቻ በሙሉ ስሙ ይጠራል። እንዲህ ያለች ሴት ዝም ያለች ቀን እኔ ክው ብዬ ቀረሁ።

ግሌንዳ እዚሁ ሚርፎርድ ተወለደች፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ተማረች፣ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ብስኩት ፋብሪካ ገባች። ፋብሪካው ሲዘጋ በልጅነቷ ምሳ ወደ በላችበት አዳራሽ ተመልሳ ጭልፋ ጨበጠች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ ታምዚን ራቅ ያለ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ ነርስ ስለሆነች፣ የልጅ ልጇን ኤፊን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ የምታሳድጋት ግሌንዳ ናት።

አንድ አመል አላት። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የንጉሡ ልደት በይፋ ሲከበር፣ እኛ ሌሎቻችን መንገዱን ባንዲራ በባንዲራ ስናደርገው፣ እሷ ለአካባቢያችን ጋዜጣ ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "የንጉሣውያን ልጆች እንደኛ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማሩ።" ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልለወጠችም። አዘጋጁም አጭር ስለሆነ ይመስለኛል በየዓመቱ ያወጣላታል።

እኔ ደግሞ የለየልኝ የዘውድ ወዳጅ ነኝ። ቢሮዬ ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ የነገሡትም የተጋቡትም ፎቶ የታተመባቸው ዐሥራ አራት የሸክላ ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ በአንዱም ጠጥቼ አላውቅም። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ሻይ በወተት ይዘን ስንቀመጥ ጭቅጭቃችን ያው ነው።

"አንድ ዓመት ብቻ እዚህ ይብሉ" ትለኛለች፣ የአዳራሹ ጣራ የሚያንጠባጥብበትን ባልዲ በአገጯ እያሳየችኝ። "አንዲት ጠብታ የልዑል ራስ ላይ ትረፍ። በሳምንቱ ጣራው ካልተሠራ እኔ ግሌንዳ አይደለሁም።"

"ንጉሥ ከሩቅ ሲታይ ነው ንጉሥ" እላታለሁ። "አፍንጫው ሲፈስ ካየሽው ምኑን ታከብሪዋለሽ?"

"አፍንጫ የላቸውም ብለሽ ነው?"

"ለኔ የላቸውም።"

"እቴ፣ ኖሪን! አንቺ እኮ ኩባያ አግብተሽ ነው የምትኖሪው።"

ባል የለኝም፤ ነገሩ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎኛል።

ዘንድሮ በጥር መጀመሪያ አንዲት ሴት ጭቃ የነካው ቦት ጫማ አድርጋ፣ የምዝገባ ቅጽ ይዛ ቢሮዬ ገባች። ቀና ብዬ አየኋት። ሰባተኛው ኩባያ ላይ ያለችው ሴት ናት። ገባች ማለቴ፣ ገቡ። ልዕልት ሄስተር ናቸው፣ የንጉሡን የሥጋ ዘመድ ያገቡት። እጅ ልነሣ ከፋይል ሳጥኑና ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ መካከል ጉልበቴን ሰበር ሳደርግ፣ ዳሌዬ ካልተዘጋው መሳቢያ ጋር ተላተመ።

"ኧረ ይተዉት፣ አያስፈልግም" አሉኝ። "ልጄን ኦቲሊን ለማስመዝገብ ነው። የድሮውን የቄስ ቤት ገዝተናል። እንደ ማንኛውም ልጅ እንድትማር ነው የምንፈልገው።"

ከዚህ ሁሉ የግል ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሁሉ ሣር ሜዳና ፈረስ ቤት፣ የንጉሥ ዘር የኛ ባልዲ አጠገብ ሊቀመጥ? ይህን እያሰብኩ ሳለ በሩ ተከፍቶ ግሌንዳ ሽርጧን እንደታጠቀች ብቅ አለች። ማን እንደመጣ አዳራሹ ድረስ ተወርቷል።

"እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ቆንጆ" አለቻቸው። "ልጅሽ አተር ትበላለች?"

"ክቡርነታቸው ናቸው" አልኳት ጥርሴን ገጥሜ።

"አውቃታለሁ እንጂ። መደርደሪያሽ ላይ ስንት ዓመት ተያየን።"

ልዕልቲቱ ሳቁ። አተር እንደምትበላም ተናገሩ። ግሌንዳ ያን ቀን ሳህን ስታጥብ ዘፈነች፤ ሠላሳ ዓመት የጠራቻቸው ሰዎች በእግራቸው መጥተውላት ነበር። ለእኔ ግን ምሳ አልወርድ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በቄስ ቤቱ በኩል ዞሬ ነው ቤቴ የምሄደው። አላፍርበትም፤ መጋረጃ ሲከፈት፣ ልጅቷ ግቢው ውስጥ ስትሮጥ ለማየት ነው።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአዲስ ገቢዎችን ስም ዝርዝር ላከ። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ክፍል ከሠላሳ ልጅ አያልፍም፣ ከሚኖርበት ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር በሜትር ይለካና የቀረበው ይቀድማል። በሌላው ዓመት ሠላሳው ሲሞላም የሚቀረው ሩቅ የሚኖር ልጅ ነበር። ዘንድሮ ግን ከወንዙ ማዶ አዲስ ቤቶች ተሠርተው የቅርብ ልጅ በዛ። ዝርዝሩን ቁልቁል አነበብኩት። ሠላሳኛ፣ ኦቲሊ፣ ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ ሜትር። ከዚያ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ በታች፣ ሠላሳ አንደኛና የመጨረሻዋ፣ ኤፊ ታፕሊን፣ ስድስት መቶ አርባ ሜትር።

ኤፊ የተመደበችው በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ከሚፈጅ ትምህርት ቤት ነው። ግሌንዳ መኪና አትነዳም። ልጅቷን እዚያ አድርሳ በሁለት ሰዓት ወጥ ቤት መግባት አትችልም። ኤፊ ደግሞ ከገና ጀምሮ የኛን አረንጓዴ የደንብ ሹራብ ለብሳ ነው ቴሌቪዥን የምታየው፤ ለመታጠብም ሲያወልቋት ታለቅሳለች።

ዝርዝሩን ራሴ ወስጄ አሳየኋት። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ለእኔ መለሰችልኝና ወደ ሳህኖቿ ዞረች። ምንም አላለችም። ልጆቹ ሳይቀሩ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ዞር ዞር እያሉ ያይዋት ጀመር። አንዱ ልጅ አተሩን ሙሉ ለሙሉ ትቶ ሲነሣ እንኳ ስሙን አልጠራችውም።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ "ይግባኝ በይ" አልኳት።

"በየትኛው አፌ?" አለች። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኑ ስላቸው ኖሬ፣ ሲመጡ ከደጅ ልመልሳቸው?"

"ኤፊስ?"

"ሥራዬን እለቃለሁ። አውቶቡሱ ላይ ይዣት እወጣለሁ፣ እመልሳታለሁ። ምን ይደረጋል።" ይህን ስትለኝ የደረቀ ሳህን ታደርቅ ነበር።

በሳምንቱ ሐሙስ ወደ ሥራ ስሄድ ጠዋትም በቄስ ቤቱ በኩል ሳልፍ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሐሙስ የቆሻሻ ቀን ነው፤ በሚርፎርድ ባለ ጎማው የቆሻሻ በርሜል ደጁ ላይ ያልወጣ ቤት የለም። የቄስ ቤቱ በርሜል ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ የፋብሪካው ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠለትም። ያኔ ነው የታወሰኝ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ስንት ጊዜ በዚህ ደጅ አለፍኩ? አንድ ቀን መጋረጃ ሲከፈት አላየሁም። የልጅ ጫማ፣ የመኪና ጎማ ምልክት፣ የበራ አምፖል አላየሁም። ፍቅሬ ራሱ ምስክር አደረገኝ። ቤቱ ባዶ ነው።

ክው አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልናገር። በእንግሊዝ አገር ለልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት የፈለገ ወላጅ አድራሻ ይዋሻል፤ የአክስቱን ቤት፣ ለሦስት ወር የተከራየውን ክፍል "እዚህ ነው የምኖረው" ብሎ ይሞላል። እኔ እነዚህን የምይዝባት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፤ "ቆሻሻ የሚነሣው በምን ቀን ነው?" የሚኖርበት ሰው ሳያስብ ይመልሳታል። ባለፈው ዓመት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ የእናቱን አድራሻ ሰጥቶ በዚህችው ጥያቄ ያዝኩት፣ ልጁም ቦታውን አጣ። አባትየው ቢሮዬ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አልጸጸተኝም፤ እኛ ዘንድ ወረፋ የዘለለን ሰው ሌባ እንኳ ይንቀዋል።

ግንቦት ላይ ልዕልቲቱ ሹራብ ሊመርጡ መጡ። ግሌንዳም ልጆቹ ስለማይበሉት ምግብ የሚሞላውን ወረቀት ይዛ በሩ ላይ ደርሳለች።

"ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ሁሉንም ወላጅ የምጠይቀው ነው። ቆሻሻ የሚነሣው በምን ቀን ነው?"

"ቆሻሻ?" ብለው ሳቁ። "በየትኛው ቤታችን?"

ጥያቄዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሸፈች። እኚህ ሴት ሃያ ዓመት የኖሩበትም ቤት ቢሆን የቆሻሻውን ቀን አያውቁም። ስለዚህ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። "ቄስ ቤቱ ውስጥ እየኖሩ ነው ወይ?"

"አይ፣ ገና ነን። እድሳቱ አላለቀም፣ ለጊዜው ለንደን ነን። እስከ መስከረም ካላለቀም ሾፌሩ ያመላልሳታል።"

"ቅጹ የሚለው አሁን የሚኖሩበትን ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። "ግን ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርግ የለ? ጓደኞቻችን ናቸው የነገሩን። እኛም ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግን። እንደ ማንኛውም ሰው መሆን ነው የፈለግነው።"

ክፋት አልነበረባትም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው። አንቱታው ከውስጤ የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ፊቴ የተቀመጠችው ሴት ከቧንቧ ሠራተኛው በምንም አትለይም ነበር፣ እሱ ግን ቢያንስ አፍሯል። ግሌንዳን አየኋት፤ እሷም ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ደርቃ ቆማለች።

"እንደኛ ይሁኑ ስል የኖርኩት" አለች በቀስታ፣ "ይሄን ይማሩ ብዬ አልነበረም።"

"ይቅርታ?" አለች ሄስተር።

"ምንም አይደል። የኔ ቆንጆ፣ ልጅሽ ለዙፋኑ ስንተኛ ናት?"

"አርባ አንደኛ።"

"ከፊቷ ያሉትን አርባውን ገፍትራ ትገባለች?"

"ኧረ በፍጹም፣ ምን ማለትሽ ነው?"

"ለምን አትገባም?"

"እንዴ፣ ወረፋ ነዋ። ሁሉም በየ..." አለችና ቆመች። ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

"አዎ" አለች ግሌንዳ። "የኔዋ ሠላሳ አንደኛ ናት።"

ከመተላለፊያው ማዶ ጠብታው ባልዲው ውስጥ ሲወድቅ ይሰማ ነበር። ሄስተር እጇን ዘረጋችልኝ፤ እስክሪብቶ ፈልጋ ነው። የሚርፎርዱን አድራሻ በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ የለንደኑን ጻፈች። ማንም አልጠየቃትም። ስትወጣ ጉልበቴ በልማዱ ሰበር ሊል ሲል ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ። ቅጹን በዚያው ከሰዓት ለአውራጃው ላክሁት፤ አብሬ የላክሁት ማስታወሻ ስለ ቧንቧ ሠራተኛው የጻፍኩት ራሱ ነው፣ ስሙ ብቻ ተለውጧል።

ኤፊ ቦታዋን በግንቦት መጨረሻ አገኘች። ኦቲሊ ሠላሳ አንደኛ ሆና ተጠባባቂ ናት፤ እናቷ በየሰኞው ጠዋት እየደወለች፣ የለቀቀ ልጅ እንዳለ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ለሁሉም እንደምመልሰው እመልስላታለሁ። ሰባተኛውን ኩባያ አልሰበርኩትም። ከመደርደሪያው አወረድኩት፣ ግሌንዳ አሁን ሻይዋን የምትጠጣው በሱ ነው።

ሰኔ ላይ ደብዳቤዋን ጽፋ ወደ ጋዜጣው ከመላኳ በፊት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ጨምራበታለች። "የንጉሣውያን ልጆች እንደኛ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማሩ፣ በወረፋቸው።" ከስሟ ሥር ባዶ ቦታ ትታ ነበር። ፈረምኩበት።