ቅዳሴ አልወጣም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ሌላውን ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ፤ የሰከርሁትን፣ በሐሰት የማልሁትን፣ የጎረቤት ድንበር የገፋሁትን። ይህን ግን ዋጥሁት። እሳቸውም ሞቱ። እኔ ከጎለመስሁ በኋላ ፊደል ቆጠርሁ፤ እንግዲህ አንተ አንባቢው ስማኝ። እንድታዝንልኝ አይደለም።

አባቴን ያስራብሁት እኔ ነኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ። ቤታችን ከወረታ በታች፣ ክረምት ውኃ ከሚተኛበት ሜዳ ዳር ነበር። አባቴ ጃጀ። ዛሬ የመርሳት በሽታ ይሉታል፤ ያኔ ጃጀ ነው፣ አለቀ። መጀመሪያ የበሬዎቹን ስም ረሳ፣ ቀጥሎ የእናቴን መሞት፣ ቀጥሎ እኔን።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይለኛል።

«የእርስዎ።»

«ሂድ ወዲያ! እኔ እንዲህ ያለ ፉንጋ አልወለድሁም።»

ጎረቤት ይስቃል። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እስቅ ነበር። ሚስቴ የሽማግሌ ገላ አላጥብም ብላ አባቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ የማበላው እኔ፣ የማጥበው እኔ፣ ወደ ረግረጉ ሲሄድ ሮጬ የምመልሰው እኔ።

በልቶ እጁን ሳይታጠብ «እህል አልቀመስሁም፣ ገደላችሁኝ!» እያለ ይጮኻል። አንድ ቀን ሲመረኝ «ቅዳሴ አልወጣም» አልሁት። በጾም ቀን ቅዳሴ ሳይወጣ እህል በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ነበር። ጩኸቱን ትቶ ጋቢውን ሰብስቦ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። የልጁን ስም የረሳ ሰው ጾሙን አልረሳም።

እዚህ ላይ ባበቃ ኃጢአት ነው አልልም፤ በልቶ ነበርና። ግን መቼ አበቃ! ጓያ በምዘራበት ሰሞን ለምሳ ቤት መመለስ ታከተኝ። ጧት «ቅዳሴ አልወጣም» ብዬው ወጣሁ፤ ሲመሽ ስገባ እዚያው እንደተቀመጠ አገኘሁት። እንዲህ ከሆነ ማን ያየኛል? ማታ ጥቂት አጉርሼው በነጋታውም ደገምሁት። ከዚያ ሌላ ነገር ገባኝ። ልጻፈው፤ ካልጻፍሁት ምኑን ተናዘዝሁ? ያልበላ ሰው አያቆሽሽም። ማጠቡ ቀለለኝ፤ እያደር የማታውንም ጉርሻ ቀነስሁት። የከለከልሁት ለዚህ ነው። እህል ጠፍቶ አይደለም፤ ጎተራው ሙሉ ነበር።

እህቴ የሺ ገበያ ወጥታ ስትመለስ ዳቦ ይዛ ጎራ አለች። ቆርሳ ሰጠችው።

«ቅዳሴ ወጣ?» አላት።

«ኧረ አባየ፣ ዛሬ ምን ጾም አለና! ይብሉ እንጂ።»

ራሱን ነቀነቀ። ዳቦውን መልሶ እጇ ላይ አኖረው።

ወደ እኔ ዞራ፣ «ወንድም ዓለም፣ አንተ ወፍረህ ሰውዬውን የዓሣ አጥንት አስመሰልሃቸው እኮ!» አለችኝ። ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኛን ረስተው ጾሙን አለመርሳታቸው! ጽድቅ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልሁ? «አዎን፣ ጾመኛ ናቸው» አልሁ።

በፋሲካ ዋዜማ ላጥበው ሳነሣው እንደ ጭድ ቀለለኝ። ደነገጥሁ። በማግሥቱ በግ አረድሁ፤ መረቁን በጣሳ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ቅዳሴ ወጣ?» አለኝ።

«ወጥቷል አባየ! ክርስቶስ ተነሥቷል፣ ይጠጡ!»

ከንፈሩን ገጠመ። ጣሳውን ባስጠጋው በእጁ ገፋው።

«አታስገድፈኝ ልጄ።»

ልጄ ያለኝ አውቆኝ ይሁን፣ ለማንም እንደሚባለው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስሁ። ሲመሽም አልሰማኝም። አንድ ሰው ብቻ ይሰማ ነበር፤ ቄሱን። መጥተው መስቀል አሳልመው «ጾሙ ተፈትቷል፣ ይብሉ» ቢሉት ይበላ ነበር። ቤታቸው ከእኛ ቤት ይታያል። አልጠራኋቸውም። ለምን? «በፋሲካ የሚጾመው ማን ምን ብሎት ነው?» ብለው ይጠይቁኛላ! ስሜ እንዳይጎድፍ አባቴን አጎደልሁት። መጀመሪያ የዋሸሁት ሰልችቶኝ ነው፤ ቄሱን ያልጠራሁት ግን እያወቅሁ ነው። እኔ፣ እያወቅሁ።

ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ሞተ። ለቀስተኛው «ጾሙን ሳይፈታ የሄደ» እያለ አወደሰው። እኔንም «አባቱን የጦረ፣ ጧሪ አያሳጣህ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልሁ።

ይቅርታ የሚለመነው እሱ ነበር፤ እሱ የለም። ሌላ ሰው ይቅር ቢለኝ የእሱን ሆድ አይሞላም።

አሁን እኔም ነገር ይጠፋኝ ጀምሯል። የልጄን ሚስት «ምሳ በላሁ እንዴ?» እላታለሁ። «በልተዋል አባባ» ትለኛለች። ደግ ሴት ናት፤ እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ቀኝ እጄን አሸታለሁ። ወጥ ወጥ ከሸተተኝ እውነቷን ነው። ካልሸተተኝም ሁለተኛ አልጠይቅም።