የእትዬ ፑ አራት ስሞች

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእትዬ ፑን ስም የሚያወጣው መልአክ ግን ዕረፍት አያውቅም። እኔ እስከማውቀው አራት ጊዜ ተጠርቷል። አራተኛው ጊዜ ላይ የሁለት ወር ልፋቴን ገደል ከተተው።

እንጀራዬ ወረቀት ነው። ከባንኮክ ራቅ ባለችው ኡዶን ታኒ ከተማ ውስጥ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሚንጫጫ ቬንትሌተር አለኝ። በኛ ከተማ አውሮፓ ልጅ፣ እህት ወይም አማች የሌለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ሁሉም ለቪዛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚረግጠው የኔን ደጃፍ ነው። ቅጽ እሞላለሁ፣ አስተረጉማለሁ፣ የጤና መድን አፈላልጋለሁ። ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲዋሹም እታገሣለሁ፤ ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል።

እትዬ ፑ ከሱቄ ሦስተኛው በር ላይ ጨው የለበሰ ዓሣ የምትጠብስ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ፑ ማለት ሸርጣን ነው። በሕፃንነቷ ወደ ጎን ስለምትድህ ቤተሰቧ ያወጣላት የቤት ስም ነው፤ ሰፈሩም የሚያውቃት በሱ ብቻ ነው። የመዝገብ ስሟ ሌላ ታሪክ ነው። ቡዋላ ተብላ ተወለደች። ባሏ የጭነት መኪና ተገልብጦበት ሲሞት ወደ ሰፈራችን የቡድሃ መነኩሴ ሄደች፤ እሳቸውም የተወለደችበትን ቀን ቆጣጥረው «ይሄ ስም አልተስማማሽም» አሏትና ፒምላዳ ሆነች። ከዓመታት በኋላ ደግሞ፣ ምክንያቱን ለማንም ሳትተነፍስ፣ ታንያራት ሆና ተመለሰች። እንዲህ ያለ ስም የሚያምረው ለቴሌቪዥን ተዋናይት ነው፤ እሷ ግን ጭስ መሃል ቁጭ ብላ ዓሣ እያገላበጠች ተሸከመችው።

እኛ ዘንድ ስም መቀየር ነውር የለውም፤ ፀጉር ከመቆረጥ ትንሽ ይበልጣል። መከራ ሲበዛብህ ስምህን ትቀይራለህ፤ መከራው በድሮው ስምህ ሊፈልግህ ሲመጣ ያጣሃል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ ስለዚህ መሳቅ የለብኝም። ግን እስቃለሁ።

የእትዬ ፑ አንድ ልጅ ሪን ስዊድን ነው የምትኖረው። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ አረገዘች። ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባታል፤ ስለዚህ ይሄኛውን እናቷ ሳትኖር መውለድን ፈራችው። ለሦስት ወር ነይልኝ ብላ ግብዣ ላከች። ልመናው በስልክ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ የመጣው በወረቀት ነው። እናትና ልጅ በስልክ ሲነጋገሩ እኔና ቤት አከራዬን ነው የሚመስሉት፦ ሰላም ነው፣ ሰላም ነው፣ ዝናብ አለ፣ በቃ ቻው። ምን እንዳቀዛቀዛቸው አላውቅም ነበር። እትዬ ፑ ግን ያን የግብዣ ወረቀት ዓሣ የነካ እጇን ሦስት ጊዜ ታጥባ ነው ያቀበለችኝ።

ሁለት ወር ለፋን። ፓስፖርት ወጣ፣ መድን ተገዛ፣ ባንኮክ ያለው ቆንስላ ቀጠሮ ሰጠ። ቀጠሮው ስድስት ቀን ሲቀረው እትዬ ፑ ጥርስ በጥርስ ሆና ገባች።

«ጂያብ፣ ቪዛው እንዳያስቸግረን አንድ ነገር አድርጌ መጣሁ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ስሜን ቀየርኩ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። የወረዳው የምስክር ወረቀት ማኅተሙ እንኳ ገና አልደረቀም።

«መነኩሴው ናቸው» አለች። «ታንያራት ባሕር አትሻገርም አሉኝ። ቻኒያፓት ግን ትሻገራለች።»

«በምን ትሻገራለች? ፓስፖርቱ የታንያራት! ግብዣው የታንያራት! መድኑ የታንያራት! ቻኒያፓት እየዋኘች ትሂድ?»

«አትጩኺብኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ።»

«ደም ግፊቱስ በየትኛው ስም ነው?»

ተቀየመችኝ። ብትቀየምም እውነቱ አልተቀየረም። ቀጠሮው ተሰረዘ፤ የሚቀጥለው ክፍት ቦታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ልጅ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። አዲስ ፓስፖርት አስወጣን፤ ሪንም ሆዷን ይዛ፣ እየተሳደበች፣ ግብዣውን እንደገና ጻፈች። የመድን ድርጅቱ ደግሞ ነገሩ ሳያስጠረጥረው አልቀረም መሰለኝ፣ ቅጹን ከመጀመሪያው ሙሉ፣ የስም ለውጦቹን ሁሉ አያይዙ፣ የሐኪም ማስረጃም ጨምሩ አለ። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ «ከባድ በሽታ ወይም ቀዶ ሕክምና ነበረብዎት?» ለሚለው «አይ» ብላኝ «አይ» ብዬ ነበር የሞላሁት።

እትዬ ፑ በማግሥቱ ሆስፒታል ሄደች። የኛ አገር መታወቂያ አሥራ ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር አለው። ስምህን አንድ ሺህ ጊዜ ብትቀይር ቁጥሩ ካንተ ጋር ይቀበራል እንጂ አይቀየርም። መነኩሴው ይሄን አልነገሯትም።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው።

«ያ ዶክተር ገና ልጅ ነው። ስለ ሌላ ሰው ጻፈ።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ፒምላዳ።»

አነበብኩት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በካንሰር ምክንያት ግራ ጡቷ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ በሽታው አልተመለሰም ይላል። ቀኑም ተጽፏል። ያን ጊዜ ሱቋ ለሦስት ሳምንት ተዘግቶ እንደነበር ትዝ አለኝ። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ «ስንፍና ያዛት» እያልኩ ሳማት ነበር። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆና አላወቅሁም። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

«እትዬ ፑ፣ ይቺ እኮ አንቺ ነሽ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አይደለሁም። የታመመችው ፒምላዳ ናት። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ስሙን ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጣልኩት፤ በሽታውም አብሮ እዚያው ቀረ። ታንያራት አንድ ቀን ስትታመም አይተሻል? ጉንፋን እንኳ ይዟት ያውቃል?»

እውነቷን ነው፣ ጉንፋን እንኳ አልያዛትም። ግን ለእንዲህ ያለው መልስ ቅጹ ላይ ቦታ የለም። «አዎ» አለ፣ «አይ» አለ፣ በቃ።

«አይ በይው» አለችኝ።

«አልልም። መድኑን የምትገዛው ሪን ናት፣ ፊርማው የሷ ነው። እዚያ አንድ ነገር ብትሆኚ በቁጥርሽ ቆፍረው ያወጡታል፤ ያኔ ውሸታም የምትባለው አንቺ ሳትሆኚ እሷ ናት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ።

«አዎ ካልሽውስ፣ ሪን ታየዋለች?»

«ካላየች እንዴት ትፈርማለች?»

ለካ የፈራችው መድኑን አልነበረም፤ ቆንስላውንም አይደለም። የገዛ ልጇን ነው። «ዓሣዬ እያረረ ነው» ብላ ብድግ አለች። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አየኋት፦ ምጣዱ ላይ አንድም ዓሣ አልነበረም። ባዶ ከሰል ስታራግብ ቆየች። ሱቄን ልዘጋ ስል ብቅ ብላ «ላኪው» አለችኝና ሄደች።

ሪን በማግሥቱ በኔ ስልክ ደወለች። እትዬ ፑ እጇ ጨው በጨው ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

«እማ፣ ይሄ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን…»

«ዶክተሩ ልጅ ነው፣ ቀን አያውቅም።»

«እማ! እኔ የበረርኩበት ቀን ነው እኮ!»

እትዬ ፑ ጨዋማ እጆቿን እርስ በርስ አሸች። እኔም ዞር ልበል ብዬ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ።

«ልትሸኚኝ አልመጣሽም» አለች ሪን። «ዓሣውን የሚጠብቅልኝ ሰው የለም አልሽኝ። እኔ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እስከ መጨረሻው ቆሜ ስጠብቅሽ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ፣ እናቴ ከኔ ዓሣዋን መረጠች እያልኩ…» ሳትጨርሰው «ማን ነበር አብሮሽ?» አለች።

«ማን ይኖራል? በሚኒባስ ሄድኩ፣ በሚኒባስ ተመለስኩ።»

«ብትነግሪኝ እኮ አልሄድም ነበር!»

«ለዚህ ነዋ ያልነገርኩሽ» አለች እትዬ ፑ፣ የዓሣ ዋጋ የምትናገር ያህል።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከስልኩ የተሰማው ልቅሶ ብቻ ነበር። የኔም ዕንባ ሳያስፈቅደኝ ወረደ። እትዬ ፑ እጇ ጨዋማ ስለሆነ ዐይኗን መጥረግ አልቻለችም፤ በትከሻዋ ጠረገችው።

ቅጹ ላይ «አዎ» ብዬ ሞላሁ። የመድን ድርጅቱ ዐሥር ቀን አሰቃይቶን ተቀበለ፤ ሌላውን ሁሉ እሸፍናለሁ፣ የጡቱን ካንሰር ግን አልሸፍንም አለ። ሳነብላት እትዬ ፑ ሳቋን ለቀቀችው። «ግራ ጡቴን አናስገባም ነው የሚሉት? እሱ እኮ እዚህ ቀርቷል፤ ማን ይዞላቸው ሊሄድ ነው!» ቪዛው ሪን ልትወልድ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት ወጣ። መነኩሴው ቻኒያፓት ትሻገራለች ብዬ አልነበር ወይ ብለው ሲኩራሩ ሰነበቱ አሉ። እኔ የለፋሁትን የሚያወራ ሰው ግን አልሰማሁም።

ረፋዱ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሪን ከቤት ጀምሮ ስልክ ላይ ነበረች፤ እሷ ዘንድ ገና አልነጋም።

«አሁን ምን ጋ ደረስሽ?»

«ወረፋው ላይ። ዝጊና ተኚ፣ አንቺ ነፍሰ ጡር!»

«እስክትገቢ አልዘጋም። ልሸኝሽ።»

«ባትሪዬ ሊያልቅ ነው እኮ!»

«ይለቅ።»

ወረፋው አርባ ደቂቃ ፈጀ። የሚያወሩት ነገር ቶሎ አለቀባቸው፤ ዝናብ አለ፣ ዝናብ የለም ብለው ጨረሱ። እትዬ ፑ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ሻንጣዋን በእግሯ እየገፋች፣ ወደፊት ሄደች። ሁለቱም አልዘጉም።