በሳፋ ውስጥ የበቀለች እግር

ሰሞኑን ጓሮ ያለውን ዕቃ ቤት ሳስጸዳ ጠርዙ የተላላጠ ነጭ የብረት ሳፋ ወጣ። ከጣራው የሚንጠባጠበው ዝናብ ገብቶበት ኖሮ ከሥሩ አረንጓዴ ውኃ ቋጥሯል፤ ጎንበስ ብዬ ሳነሣው ሽታው ሆዴን ገለበጠው። ስለዚህ ለምናገረው ነገር የመጀመሪያው ምስክሬ አፍንጫዬ ነው፤ ሁለተኛው ይኸው ሳፋ። ሦስተኛዋ ሟች ባለቤቴ ነበረች፤ እርሷ ግን ታሪኩን ባወራች ቁጥር እኔን ከነበርሁት በላይ ፈሪ ታደርገኝ ስለነበር ቃሏን የምይዘው በጥንቃቄ ነው። ፎቶግራፍ የለም። የጎደለውን ትዝታዬ ከራሱ እየጨመረ ሞልቶት እንደሆነም አላውቅም፤ እርስዎም በዚያው ልክ ይስሙኝ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት በሶዶ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የተከራየሁት ክፍል ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ እንሰት በከበበው ግቢ ውስጥ ነበር። አከራዬ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ሳቃቸው ከመንገድ የሚሰማ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ ሴት ልጃቸው ነርስ ነበረች። ጣራው የሚያፈስ ክፍል ውስጥ ያን ያህል የቆየሁት በእርሷ ምክንያት ነው፤ ነገሩን በምን ቃል እንደምጀምረው ግን አላውቅም ነበር።

አብራት ትሠራ የነበረች አንዲት የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሯ ስትመለስ በቤቷ ታሳድጋት የነበረችውን እንስሳ ከነመኖሪያዋ፣ ከዚሁ ነጭ ሳፋ ጋር፣ ለልጅቱ ትታላት ሄደች። አክሶሎትል ትባላለች፤ የእንቁራሪት የሩቅ ዘመድ ሆና ዕድሜዋን ሁሉ ከውኃ የማትወጣ ፍጥረት ናት። እንዲህ ያሉትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስተምር ነበር፤ ሥዕል ግን አይዝለገለግም፣ አይሸትምም። እርሷ ቆዳው የተገፈፈ ሥጋ ትመስላለች፤ የዐይን ቆብ የላት፣ ዝም ብላ ታፈጣለች። ከአንገቷ ግራና ቀኝ ደም የነካው ላባ የመሰለ ነገር ይርገበገባል። አፏ ፈገግ ያለ መሆኑ ደግሞ ከሁሉም ይዘገንነኝ ነበር።

«መምህር፣ ደብተር ላይ የምትሥላት ይህቺው አይደለች?» ይሉኝ ነበር አባትየው። «ታዲያ ምነው እንደ ተጣላ ጎረቤት ዞረህ ታልፋታለህ?»

አንድ ቀን የጎረቤት ድመት ሳፋው ውስጥ ገብታ የእንስሳዋን አንድ የፊት እግር ነክሳ ቆረጠችው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ወጣ፤ ውኃውም እንደ ሰነበተ ሬሳ ሸተተ። ልጅቱ የጨው ውኃ በጥብጣ ልታጥባት ስትነሣ አባትየው «ተያት፣ አትድንም» አሉ።

ሳላስበው «ትድናለች፤ እግሯም መልሶ ይበቅላል» አልሁ።

«ሙዝ ናት እንዴ ተቆርጣ የምታቆጠቁጠው?» ብለው ሳቁ።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። «እርግጠኛ ነዎት መምህር?»

«መጽሐፉ እንዲያ ይላል።»

«እንግዲያው እኔ ሥራ ስገባ እርስዎ ያስታምሟታል። ሞታ ካገኘኋት በዚህ በር ሲገቡ ደኅና ዋሉ ብዬም አልጠይቅዎትም።»

እንዲህ ሆኖ የምፈልገው ነገር ሁሉ በዚያች ዝልግልግ ነፍስ ላይ ተንጠለጠለ። ውኃዋን እቀይራለሁ፤ ጥሬ ሥጋ እንደ ክር እየተለተልሁ በወረንጦ አፏ አጠገብ አወዛውዛለሁ። ወደ ንጹሕ ውኃ የማሻግራት በሻይ ማጥለያ ነበር፤ በእጄ አልነካኋትም። ሥጋውን ስትመጥ የምታሰማው ድምፅ እስከ ራት ይከተለኛል። ጥሬ ሥጋ ያን ጊዜ አስጠላኝ፤ ጥሬ ሥጋ እየበላ ለሚያድግ ለገሱባ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ደረሰ። በግቢው በሬ ታርዶ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ ልጅቱ ተረኛ ነበረች። አባትየው በዚያ ቀን በደጃቸው ያለ ነፍስ ሁሉ ድርሻውን ሳያገኝ መብላት ነውር ነው ይሉ ነበር፤ ለዚያች ለጥፋተኛዋ ድመት እንኳ ቆርጠውላታል። ከክፍሌ ስወጣ ሳፋው ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። የጣሉላት ሥጋ በዳጣ፣ በዚያ ዐይን በሚያስለቅሰው የቃሪያና የዝንጅብል ማባያችን፣ ተለውሷል።

«ምን አደረጉ አባባ!»

«ለእንግዳ ባዶ ሥጋ ይሰጣል እንዴ?» አሉኝ፣ ከልባቸው ተገርመው።

እንስሳዋ ከሳፋው ጎን ጋር ትላተማለች፤ ከገላዋ ነጭ ልጋግ ይወጣል። ማጥለያውን ለእንግዶቹ ሻይ ወስደውታል። እጄን ሰደድሁ። የቀዘቀዘ የሰው ምላስ የጨበጥሁ መሰለኝ፤ ልጋጓ በጣቶቼ መካከል እየሾለከ እስከ ክንዴ ወረደ። ንጹሕ ውኃ ባለበት ባልዲ ከትቼ፣ ውኃውን ደጋግሜ እየለወጥሁ አጠብኋት፤ መርገብገቧ ሲመለስ እንሰቱ ሥር ሮጬ በሆዴ ያለውን ሁሉ አስመለስሁ። ቀና ስል ልጅቱ ከሥራ ተመልሳ፣ ነጭ ጋውኗን እንደ ለበሰች ቆማ ታየኛለች።

«በእጅዎ?» አለች።

«በእጄ» አልሁና እንደገና አስመለስሁ።

«እርሷስ ትድናለች» አሉ አባትየው ከኋላዋ፣ «ይህ ሰው ነው እንጂ የሚያሰጋኝ!»

እንስሳዋ ተረፈች። ከጉማጁ ላይ ምስር የምታህል እብጠት ወጣች፤ እብጠቷም ቀስ በቀስ እግር ሆነች። እኛም ተጋባን። ፍቅር ጸያፉን ያስረሳል የሚሉ አሉ፤ ለእኔ እንዲያ አልሆነልኝም። ባለቤቴ በመጨረሻው ሕመሟ ተኝታ ጀርባዋ ሲቆስል በጨው ውኃ የማጥብላት እኔ ነበርሁ። ሽታው ያው ነበር፤ ሆዴም እንደ ድሮው ተገለበጠ። ፊቴን አይታ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ «ማጥለያ ይምጣልህ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እጄን አላነሣሁም።

ሳላረጋግጠው የቀረ አንድ ነገር አለ። ባለቤቴ አዲሱ እግር እንደ ቀድሞው አራት ጣት አለው ትል ነበር፤ ለእኔ የታየኝ ሦስት ነው። «እጅህን አግባና ቁጠር» ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ነገ እያልሁ እንስሳዋ አርጅታ ሞተች፣ ባለቤቴም ጓሯችን ካለው አቮካዶ ሥር ቀበረቻት። ሳፋውን አጥቤ ፀሐይ ላይ ደፍቼዋለሁ። አራት ሳይሆን አይቀርም።